የላይኛው ጭረት

ጥቅምት 7

ሽንኩርት ገዛሁ። ዝናቡ ቆሟል። ማታ ለሜሳ ታክሲዋን አመጣት፣ አጥሩ ሥር አቆማት፣ የዕለቱን ገቢ ሰጠኝ፣ ደህና ይደሩ ብሎ ሄደ። ከመስከረም ጀምሮ የሚነዳት እሱ ነው። አሮጌ ፊያት ናት፣ ሰይቼንቶ። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ አላት። ትንሽ ነው። ድሮም ትንሽ ነበራት።

ልጄ በነሐሴ ሞተ። ይህን ጽፌው አላውቅም ነበር። ሆዴን አለ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። ይኸው ተጻፈ። አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ጥቅምት 9

ለምን እንደምጽፍ እንጃ። ጸሐይወርቅ ናት። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ። «አታወሪ፣ አታለቅሺ፣ አትበዪ፤ እስቲ ቢያንስ ጻፊው» አለችኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁም መምህሩ ደብተሬን የሚቀበለኝ ደወል ተደውሎ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነበር።

ጥቅምት 12

ሙሴ መካኒኩ ለቅሶ ደረሰ። በነሐሴ አገር ቤት ነበር፣ አልሰማም። አለቀሰ። ጠላ ቀዳሁለት፣ ጠጣ። ከዚያ አላስቻለውም፣ ወጥቶ የሰይቼንቶዋን ክዳን ከፈተ። የሷ ሞተር ከኋላ ነው። ክዳኑ ቁልፍ የለውም፣ የፈለገ ይከፍተዋል። ለሜሳ፣ ጸሐይወርቅ፣ የባሌ የሩቅ ዘመድ ጋሼ ሂርጳ... ሁሉም ሄደው ከበቡት። እኔም ወጣሁ። ለቅሶ ቤቱ ባዶ ሆነ።

«ወይዘሮ ወርቄ፣ ይህ ሞተር ብዙ አገር ሄዷል» አለ ሙሴ። «እንደ ሽማግሌ ነው፣ ጥርሱ ሳስቷል። ሠላሳ ቁጥር ዘይት ቀጭን ነው፣ በክፍተቱ ሾልኮ ይቃጠላል። ጭሱ እሱ ነው። ሃምሳ ቁጥር ወፍራም ነው፣ ጭሱን ይደብቃል። ግን በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት እንደ ማር ይረጋል፣ እላይ እስኪደርስ ሞተሩ በደረቁ ይፋጫል። አርባ ይስጧት። ከሁሉ በላይ ግን ዘይት እንዳይጎድላት። አደራ! በዘይት እጦት ከቆመች አትነሳም።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ሂርጳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለቅሶ ቤት የተባለ አደራ ይከብዳል።

ልጄ ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያ ብረቷን ስቦ በጨርቅ ይጠርጋት ነበር። አሳየኝ ስለው «ተይ፣ እጅሽ ይቆሽሻል» ይለኝ ነበር። ጨርቁ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው።

ጥቅምት 16

አርባ ቁጥር የለም። ለሜሳ የዘይት ኩፖኑን ይዞ ማደያ ሄዶ ሠላሳ አለ አሉት። «ሃምሳም ነበር፣ እትዬ፤ የቱን ላምጣ?» ብሎ ሊጠይቀኝ መጣ። ተመልሶ ሲሄድ ሁለቱም አልቀዋል። ለሚቀጥለው ሳምንት ተባለ።

እኔስ የቱ እንደሚሻል በምን አውቃለሁ? የምግብ ዘይት ቢሆን አሸትተው ነበር።

ጥቅምት 19

ለሜሳ እንዲህ አለ፦ «እትዬ፣ ጥር ላይ ምርመራ አለ። እንዲህ እያጨሰች ከቀረበች ታርጋዋን ይፈቱታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብረት ናት።»

የምበላው ከሷ ነው። ያ አንድ ነገር ነው። ሌላው... ጠዋት ስትነሳ ድምፅዋን እሰማለሁ። መጀመሪያ ትስላለች፣ ትቆማለች፣ ደግማ ትስላለች፣ ከዚያ ትይዛለች። ተኝቼ እሱ የሚያስነሳት ይመስለኛል። ከዚያ ለሜሳ ያስነጥሳል።

ጥቅምት 21

ከለሜሳ በፊት ተነሳሁ። ልጄ አልጋው ሥር ያስቀመጠው ጣሳ አለ። አርባ ቁጥር ነው፣ ከግማሽ በታች ነው የቀረው። ይዤ ወጣሁ። መለኪያዋን ሳብኩ። ሁለት ጭረት አላት፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ። ዘይቱ ከላይኛው ጭረት አልፎ ነበር።

ደስ አለኝ። ሞልቷል ማለት ነው። በዚህ ቤት ለእንግዳ አጉድሎ የቀዳ ሰው የለም። እንዳይጎድልባት በቡና ሲኒ አንድ ጨመርኩላት።

ጥቅምት 28

አንድ አንድ ሲኒ፣ ጠዋት ጠዋት። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ጭሱ ጨምሯል።

ኅዳር 3

ለሜሳ ተናዶ ገባ። ሳር ቤት ላይ ትራፊኩ አስቁሞት፣ «አንተ፣ ታክሲ ነህ ወይስ ወባ ማጥፊያ?» አለው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ባልደረቦቹም ስም አውጥተውላታል። «ምድጃዋ መጣች» ይላሉ።

«ሲጠሩህ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«አቤት እላለሁ። ምን ልበል?»

ጋሼ ሂርጳ እኔን ሊያጽናኑ መጥተው ይህን ሰሙ። ጋሼ ሂርጳ የሚያድሩት እዚሁ ሰፈር፣ የሚያርሱት ወደ ለቡ ነው። «ወርቄ፣ መኪናም እንደ ላም ነው» አሉኝ። «ካላበሉት አይታለብም።» ባሌም እንዲህ ይናገር ነበር። ሁለቱም መኪና ነድተው አያውቁም።

ኅዳር 8

ከሥሯ ዘይት ይንጠባጠባል። አሮጌ ሣህን አስቀመጥኩላት። ድመቷ መጥታ አሸተተችና ሄደች።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጃፉ ሲያቃጥል ዋለ፣ ጎፋ ከዳር እስከ ዳር ጭስ ለበሰች። ለሜሳ ማታ ፊቱ ፈክቶ ገባ። ዛሬ ማንም አልሰደበውም። ሰይቼንቶዋ ዛሬ ብቻ ሰው መሰለች።

እኔም ቆሻሻ አቃጠልኩ። ዓይኔን ጭስ ሲገባው እንባ ወጣ። ጸሐይወርቅ አየችኝና እፎይ አለች። ጭሱ ነው አልኳት። ባልነገርኳት ይሻል ነበር።

ኅዳር 14

የከተማው ጭስ ጠራ። የሷ ቀረ።

ሙሴ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ስትሄድ አያት። ወደኔ ተሻግሮ መጣ። «አልቋል፣ ወይዘሮ ወርቄ። ሞተሩ መውረድ አለበት። ቢወርድም የሚቀየርለት ዕቃ አገር ውስጥ የለም። ምን ብዬ ልዋሽዎት?»

«ዘይት ሳይጎድላት?»

«አልቋል አልኩ እኮ።»

እንግዲህ አልቋል። ሰው ሲሞትም እንዲህ አጭር አድርገው ነው የሚነግሩት።

ኅዳር 17

ግዛው የሚባል ሰው መጣ። አሮጌ መኪና ገዝቶ ፈታትቶ የሚሸጥ ነው። ለሜሳ ነው ያመጣው፣ ዓይኔን ማየት ፈርቶ በሩ ላይ ቆመ። ግዛው ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ። ሰው ለምን ጎማ በእግሩ ይመታል?

«በሯ ደህና ነው፣ ወንበሯም ይሸጣል። ሞተሯን ለብረት እሰጣለሁ» አለ። ለሥጋ እንደሚያርድ ሰው ነው የሚናገረው። ኅዳር 22 ተጎታች ይዤ እመጣለሁ አለ። እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ... ሌላ ምን ይባላል?

ኅዳር 20

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሳትሄድ ልያት ብዬ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሳሁ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ገና ሳይነጋ ነው። የግቢው በር ከነሐሴ ጀምሮ ተቆልፎ አያውቅም፣ ለቅሶ ደራሽ ስለሚመጣ።

በሩ ተገፋ። ጋሼ ሂርጳ ናቸው። ከጋቢያቸው ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ አወጡ። አቤት፣ በዚህ ዕድሜያቸው ጀመሩ እንዴ አልኩ። አልጠጡትም። የሰይቼንቶዋን ክዳን ከፈቱ፣ ቀዱላት፣ ዘጉ፣ ክዳኗን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ፣ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ጸሐይወርቅ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ገባች። በነጠላዋ ሥር ትንሽዬ ጣሳ ይዛለች። ከፈተች፣ ቀዳች፣ ዘጋች፣ ሄደች።

ከዚያ ለሜሳ መጣ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር የራሱን ዘይት አወጣ። ከፈተ፣ ቀዳ።

የቀረው የእኔ ሲኒ ብቻ ነበር።

ሲኒዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ከዚያ አስቀመጥኩትና ወጣሁ። «ለሜሳ! አታስነሳት! ጋሼ ሂርጳን ጥራልኝ። ጸሐይወርቅ! ነይ፣ እንዳልሰማሽ አትሁኚ!»

ጋሼ ሂርጳ ከመንገድ ተመለሱ። ጠርሙሱን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

«ጋሼ፣ ምን እየቀዱላት ነው?»

«ዘይት ነዋ። ከገበሬ ማኅበሩ ትራክተር። ትንሽ ትንሽ፣ የሚተርፈውን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአደራው ቀን ጀምሮ ነዋ! አደራ አልተባለም?»

«ጸሐይወርቅ፣ አንቺስ?»

«የስፌት መኪናዬን ዘይት ነው... ንጹሕ ነው ደግሞ፣ ቀለም እንኳ የለውም።» ከዚያ ተቆጣች። «ምን ላድርግ? ምግብ ሳመጣልሽ ታስቀምጪዋለሽ። አልበላሽም። የአንቺ አፍ አልከፈት አለ፣ የሷ ክዳን ግን ይከፈታል።»

ወደ ለሜሳ ዞርኩ። «አንተ ሹፌር ነህ። ብረቱን አላየህም?»

«አየሁ። ሞልቷል፣ እትዬ።»

«ሞልቶ ለምን ትጨምራለህ?»

«ታጨሳለቻ! የምታጨሰው ስለምትበላ ነው፣ ከበላች ይጎድላታል፣ እንዳይጎድላት... ደግሞስ ጎዶሎ ነው እንጂ የሚጎዳ፣ ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። «እኔም እጨምራለሁ» አልኳቸው። «በሲኒ።»

ከዚያ ጋሼ ሂርጳ ሳቅ አመለጣቸው፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ሳል ቀየሩት።

ኅዳር 21

ሙሴ መጣ። መለኪያዋን ሳበ፣ አየ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ ሳበ። ደግሞ አየ። ከዚያ ሥሯ ገብቶ ዘይቱን ሊያፈስ ሳፋ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሳፋው ሞላ። ሌላ አመጣሁ።

ጣቱን ነክሮ አሸተተ። «ይሄ ትራክተር ነው። ይሄ... የስፌት መኪና? እናንተ ሰዎች፣ ይህ ሞተር ነው ወይስ ጉርሻ የሚቀበል ሙሽራ?»

አስረዳን። ዘይቱ ከላይኛው ጭረት ካለፈ የሞተሩ ብረት ሲዞር ይመታዋል፣ እንደሚናጥ ወተት አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ሽቅብ ይወጣል፣ ይቃጠላል፣ በየቀዳዳው ይፈሳል። «እንኳን ይቺ አሮጊት፣ ከፋብሪካ የወጣችም ብትሆን ታጨሳለች።»

«አንተ ግን አልቋል አልከን» አልኩት።

«ከመንገድ ማዶ ሆኜ ነው ያልኩት።»

«ክዳኑን ብትከፍት ኖሮስ?»

ሳፋዎቹን አየ፣ እኛን አየ። «ብከፍትማ እኔም ሳልጨምር አልሄድም ነበር።»

ለሜሳ ከማደያው ሠላሳም ሃምሳም ይዞ መጥቷል። አርባ አሁንም የለም። ሙሴ የሃምሳውን ጣሳ አነሳ። «ይህን ብቻ ብናደርግላት ጥር ላይ ጭስ የሚባል አይታይባትም፣ ምርመራውን ዓይኗን ጨፍና ታልፋለች።»

«ጠዋት ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ ነግሬዎታለሁ። ዘይቱ እስኪደርስላት ትንሽ ትፋጫለች።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ሠላሳውንና ሃምሳውን እኩል ብንቀላቅል አርባ ገደማ ይሆናል። ግን ትንሽ ታጨሳለች። ለምርመራው ዋስትና አልሰጥዎትም።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ለሜሳ በዓይኑ ወደ ሃምሳው ይጠቁመኛል። እሱም እውነቱን ነው፣ ታርጋዋ ከተፈታ ሥራ የለውም። እኔ ግን ያንን የጠዋት ሳሏን አሰብኩ። ጭስ እንዳይታይባት ብሎ በየማለዳው በደረቅ ማፋጨት... አይሆንም።

«ቀላቅለው» አልኩት። «ድሮም ትንሽ ታጨስ ነበር።»

እስከ ላይኛው ጭረት ሞላና አቆመ። ጣሳው ውስጥ ገና አለ። የሁላችንም እጅ ይበላን ነበር። ጋሼ ሂርጳ «ጥቂት ለምርቃት?» አሉ።

«አይሆንም!» አልኩ። እንዲህ ጮክ ብዬ ከተናገርኩ ቆይቻለሁ።

ኅዳር 22

ግዛው ተጎታች ይዞ መጣ። አልሸጥም አልኩት። ሲሰድበኝ ሰማሁት፣ ግድ የለም። ሊሄድ ሲል ወደ ጎማዋ ዞሮ እግሩን አነሳ። «አትምታት» አልኩት። እግሩን አወረደ።

ኅዳር 24

ለሜሳ ማታ ገባ። ጭሱ ቀንሷል። የማለዳውን ግን ለማጥፋት አልተቻለም። ዛሬ ማንም «ምድጃዋ መጣች» አላለውም። ቅር ያለው ይመስላል።

ኅዳር 27

ጋሼ ሂርጳ ማለዳ መጡ፣ ከልማድ። ጠርሙሱንም ይዘዋል። በሩ ላይ ጠበቅኋቸው፣ ተቀበልኳቸው፣ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። «ሲጎድላት እንጠቀምበታለን፣ ጋሼ። አሁን ይበቃታል።» ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ደግመው አስተካከሉ።

ከዚያ፣ «ሮበሌ በጌን ያመጣልኝ ጊዜ...» አሉና ደነገጡ። ስሙን ማንም ፊቴ አይጠራም። ከነሐሴ ጀምሮ «እሱ» ነው የሚሉት።

«ይንገሩኝ» አልኩ።

ለበዓል በግ ከለቡ ወደ ከተማ ሊያመጡ መኪና አጥተው ኖሯል። ልጄ በጉን ከፊት ወንበር አስቀመጠው። ጋሼ ከኋላ ገቡ። መንገድ ላይ ክራባት ያሰረ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው አስቁሞ ከኋላ ገባና፣ «እንዴት በግ ከፊት ተቀምጦ እኔ ከኋላ እታጨቃለሁ? አስወርደው!» አለ። ልጄ ዞር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እሱ ቀድሞዎት ነው የገባው። ከፍሏልም። እርስዎስ?» አለው። ሰውየው ከፈለ። ሲወርድም በጉን ደህና ዋል አለው።

ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ። ጋሼም ሳቁ። ከዚያ የኔ ሳቅ አልቆም አለ፣ እየሄደ እየሄደ ሌላ ነገር ሆነ። ጸሐይወርቅ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ጋሼ ሂርጳ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። «ተያት። ይውረድላት።»

ታኅሣሥ 2

ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ለሜሳ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሲሄድ እኔን ከፊት አስቀመጠኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ሰይቼንቶዋ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። በጉ የተቀመጠበት ወንበር ነው። ደህና ወንበር ነው።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «ይቺ ታክሲ ታጨሳለች ልበል?» አለች።

«ትንሽ ነው» አልኩ።

«የማን ናት?»

ለሜሳ በመስታወቱ አየኝ። መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዟል፣ መልሴን የፈራ ይመስላል።

«የሮበሌ ነበረች» አልኩ። «ልጄ ነው። አሁን የኔ ናት።»

ሴትዮዋ ነፍስ ይማር አለች። ቀጥላ መስኮቱ ለምን አይከፈትም ብላ ለሜሳን ተጣላችው።

ጥር 9

ምርመራ። እኔም ሄድኩ። ለሜሳ ላቡ በብርድ ይወርዳል። ተራችን ሲደርስ መርማሪው አስነሳ አለው። ሳለች፣ ቆመች፣ ደግማ ሳለች፣ ያዘች። ጭስ ወጣ፣ ሳሳ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ቆየ።

«ዘይቷ ስንት ቁጥር ነው?»

ለሜሳ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት። «ሠላሳና ሃምሳ፣ እኩል። አርባ ስለጠፋ።»

መርማሪው ቀና ብሎ ጥቁር ልብሴን አየ። ከዚያ መለኪያዋን ራሱ ሳበ። ልክ ጭረቱ ላይ ነው።

«ማነው የሚከታተላት?»

«እኔ ነኝ።»

«አርጅታለች እንጂ ደህና ይዘዋታል» አለና ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። ጎፋ ስንደርስ ለሜሳ ጡሩምባውን ሊነፋ ሞከረ። አልሠራም። እሱ ነገ ይታያል።

ጥር 14

ማለዳ ወጣሁ። ጨርቁን ከሚስማሩ አወረድኩ። መለኪያዋን ሳብኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ ደግሜ ሳብኩ። ከላይኛው ጭረት ትንሽ ዝቅ ብሏል። የልጄ ጣሳ ውስጥ ገና ሁለት ሲኒ የሚሆን አለ። የጋሼ ሂርጳም ጠርሙስ አለ።

አልጨመርኩም።

ክዳኑን ዘጋሁ። እጄ ቆሽሿል፣ ሮበሌ ይለኝ እንደነበረው። በሳሙና ታጠብኩ፣ ገባሁ፣ ጸሐይወርቅ ያመጣችውን ቁርስ በላሁ።